ሚካኤል የናደው ክተር

«ምን ብዬ ላንሳው? ንገሪኝ እንጂ!»

አልቃሿ አስረሳሽ ናት። ዳሱ ጥግ ቁጢጥ ብላ አፏን ዘነበች ጆሮ ላይ ለጥፋ ታንሾካሹካለች። የዘነበች ባል አራጌ የተቀበረው ትናንት ሐሙስ ነው፤ ሰልስቱ ነገ ቅዳሜ። በሰልስት ደግሞ አልቃሽ መሃል ገብታ የሟችን ሥራ በግጥም ካላነሳች ሰልስት አይባልም።

«ትናንት ‹ዝምተኛው፣ ጨዋው› እያልኩ ዞርኩ» አለች አስረሳሽ። «ነገም ያንኑ ልድገመው? እኔ እኮ ከዋጃ ድረስ የምጠራ አልቃሽ ነኝ እህቴ። አውሬ አልገደለ፣ ዘር አልተካ፣ ሹመት እንዳልል... ሹመቱንም ታውቂዋለሽ። አንዲት ነገር ስጭኝ። አንዲት ብቻ! ሌላውን እኔ አሳምረዋለሁ።»

ዘነበች መሬት መሬቱን ታያለች።

«የውሃ አባት ነበር በያ!» አለች ቆንጅት ከወዲያ። ቆንጅት የሟች ታናሽ እህት ናት፤ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። «አስራ ሁለት ዓመት የውሃ አባት ነበር ወንድሜ!»

ከወንዶቹ በኩል አንዱ ጎረምሳ ሳቁን በሳል ሸፈነው። «የላላው ክተር አባት» አለ ቀስ ብሎ። ጎኑ የተቀመጠው ሽማግሌ በክርኑ ጎሸመው።

«ለቅሶ ቤት ነው አንተ! አፈር ያስበላህ።»

ጎረምሳው ንፍሮውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ አቀረቀረ። ግን ሁሉም ሰምቷል። ዘነበችም ሰምታለች።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲኬድ ያለው ሜዳ ዝናቡ ብቻውን አይበቃውም፤ ሰዉ የሚያርሰው በጎርፍ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ ቆላው ሰማይ ጥርት እንዳለ፣ ደረቁ ወንዝ ድንገት ሞልቶ ይመጣል። ያንን ጎርፍ በድንጋይና በአፈር ክተር ያግዱትና በቦይ ወደየማሳው ይመሩታል። ክተሩን የሚያሠራው፣ ውሃውን ለክርስቲያኑም ለእስላሙም በተራ የሚያካፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል። ነሐሴ 1969 ላይ ክተሩ እስኪናድ ድረስ የውሃ አባቱ አራጌ ነበር። ከዚያ በኋላ «አራጌ ላላው» ሆነ። ክተር ያላላ፣ ድንጋይ መደርደር የማያውቅ። ሰባት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ወባ ገደለው። ላላው እንደተባለ ሞተ።

ዘነበች ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው ጎርፍ ሌላ ስም አገኘች።

ረፋዱ ላይ ሦስት ሴቶች ከዋጃ በእግራቸው መጡ። አለቀሱ፣ «እግዜር ያጥናሽ» አሉ፣ ተቀመጡ። ከሦስቱ አንዷ፣ ሸዋዬ የምትባለው፣ የዘነበችን እጅ ይዛ አልለቅ አለች።

«አንቺ ነሽ አይደል ባለ ነጠላዋ?»

ዘነበች በሌላኛው እጇ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች።

«ጎርፉን በነጠላዋ የመለሰችው! አየሽ፣ ልጄን አይኑን ሦስት ወር አሞታል። ጤና ጣቢያ ቅባት ሰጡት፣ እምቢ አለ። ሚካኤል ያንቺን ይሰማል አሉኝ። ሐዘን ላይ መሆንሽን አውቃለሁ፣ ግን እናት ነኝ፣ ምን ላድርግ? እዚህ ያደረስኩት አዝዬ ነው። ውጭ ጥላው ስር ተኝቷል።»

«ኧረ በማርያም፣ ባሏ እኮ ትናንት ነው የተቀበረው!» አለች ቆንጅት።

«እኔስ ለባሏ አላለቀስኩም?»

ዘነበች እጇን ቀስ ብላ ሳበች። ድሮ ቢሆን አትስበውም ነበር። ድሮ ቢሆን ተነስታ ወጥታ ልጁን በእጇ ትዳብሰው፣ «በቃሉ ይማርህ» ትለው፣ ሴትዮዋ እግሯ ላይ ስትወድቅ «ተይ እኔ ማን ነኝ» እያለች ቀስ ብላ ታነሳት ነበር። ቀስ ብላ። እውነቱን እንናገር፣ ትወደው ነበር።

ጎርፉ የመጣ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው የደጋው ሰማይ የጠቆረው። እዚህ ፀሐይ ነው። ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ እሸቱን ይዟል። ወንዙ መጀመሪያ ሸተተ፤ ጎርፍ ከመምጣቱ በፊት ይሸታል፣ እርጥብ አቧራና የበሰበሰ ቅጠል። ከዚያ ጮኸ። እንደዚያን ቀን ጮሆ አያውቅም። ክተሩ ያገደውን ወደ ቦዩ ገፋው፣ ቦዩ አልበቃው አለ፣ ውሃው ከቦዩ ወጥቶ ወደ መንደሩና ወደ ሚካኤል ቤተክርስቲያን ተንደረደረ። ሰው ሁሉ ልጁን አዝሎ፣ ጥጃውን ጎትቶ፣ ወደ ቤተክርስቲያኑ ቅጥር ሮጠ። «እግዚኦ! እግዚኦ!»

የመጀመሪያው ጎጆ ሲፈርስ ዘነበች ከቅጥሩ ወጣች። ለምን እንደወጣች ዛሬም አታውቀውም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ከውሃው ፊት ለፊት ጭቃው ላይ ዘረጋችው።

«ሚካኤል! ከዚህ አታሳልፈው! ከዚህ ካለፈ ስምህን አልጠራም!»

ውሃው መጣ፣ መጣ፣ የነጠላውን ጥለት አረጠበ። ቆመ። ከዚያ ወደ ኋላው ሸሸ። ሦስት መቶ ሰው በዓይኑ አይቶታል። እልልታው ቆቦ ተሰማ ይላሉ፤ ይኼ ሲወራ የተጨመረ ሊሆን ይችላል።

ጊዜው ደግሞ ደርግ ነው። ካድሬው ለገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ «ታቦት ውሃ አይጠልፍም» ብሎ ያስተማረ ገና ወር አልሞላው። ወጣቱ ቤተክርስቲያን መሄድ አፍሮ ነበር። ካድሬው ወሬውን ሲሰማ «ጎርፍ በነጠላ? እንግዲያው ኦጋዴን ለጠላት ታንክም ነጠላ እንላክ!» ብሎ ቀለደ። ሰዉ ፈርቶ ሳቀለት፣ በነጋታው እሁድ ግን ቅጥሩ ሞላ። ነጠላዋ ታጥባ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ተቀመጠች። በየዓመቱ ሰኔ ሚካኤል ትወጣለች፣ ሰው ይሳለማታል። «ሚካኤል ክተሩን በሰይፉ ቀደደው» ተባለ።

በዚህ በኩል ይኼ። በወዲያ በኩል ደግሞ ክተሩ ሲናድ ውሃው ወደ ታች ማሳ ሄዶ የአስራ አንድ ሰው ማሽላ ጠርጎ ወሰደ፤ የአራጌን ጨምሮ። አብዛኛው የእስላሞቹ ነው። ሽማግሌዎች ሾላው ስር ተቀመጡ። አሁን እስቲ አስቡት፣ «ሚካኤል ነው የናደው» ተብሎ ማሽላው ለተጠረገበት ለሰላሁዲን ይነገረዋል? «ያንተን እህል የኛ መልአክ ነው ያጠፋው» ይባላል? ደም ያፋስሳል እኮ። ሁሉም ዝም ሲል አራጌ ተነሳና «ክተሩ ላልቶ ነበር። የኔ ጥፋት ነው» አለ። ሻሩት። እርቅ ወረደ።

ስለዚህ ቤተክርስቲያን ውስጥ ሚካኤል ነው፣ ሾላው ስር አራጌ ነው። አንድ ክተር፣ ሁለት ወሬ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው አልነበረም። ማየት የፈለገም አልነበረም።

ከጁምዓ በኋላ ሰላሁዲን መጣ። ረጅም፣ ጺሙ የሸበተ ሰው ነው፤ ማሳው ከነአራጌ ማሳ በታች ነው። ያን ዓመት ማሽላው ስለጠፋ ግመሉን ለአፋሮች ሸጧል፤ አሮጊት እናቱ በዚያች ግመል ወተት ነበር የሚኖሩት፣ በጋውን አልተሻገሩም። ከዚያ ወዲህ አራጌን አላናገረውም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላሁዲን አንገቱን ያዞራል፣ አራጌ ቆሞ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ሰባት ዓመት እንደዚህ።

«አላህ ያጥናሽ ዘነበች» አለ።

«አሜን አያ ሰላሁዲን።»

ቀና ብላ አላየችውም። ወንዶቹ መሃል ገብቶ ተቀመጠ፣ ሁለት እፍኝ ንፍሮ ተሰጠው፣ ያዘው እንጂ አልበላውም።

«ኧረ ይኼ ሰውዬ መምጣቱ!» ሹክ አለች አስረሳሽ። «ጨዋ ነው እኮ። የበዳዩን ለቅሶ ሊደርስ መጣ።»

በዳዩ። ዘነበች ይቺን ቃል ስትሰማ ከአስረሳሽ ፈቀቅ አለች።

ጎርፉ ያለፈ ዕለት ማታ ነው አራጌ የነገራት። ቤቱ በእልልታ የመጣ ሰው ሞልቶ፣ ሁሉም እሷን አቅፎ ስሞ፣ ገና መውጣቱ ነበር። አራጌ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ መዳፉን ያያል። መዳፉ ተልጧል።

«ዘኑ፣ ክተሩን እኔ ነኝ ያፈረስኩት» አላት። «የደጋውን ሰማይ ሳይ አወቅኩ። ሰው ልጠራ ብል ጊዜ የለም። ድንጋዩን በእጄ አነሳሁ፣ አፈሩን በዶማ ከፈትኩት። ሰላሁዲን ጋ ሄጄ ልንገረው። እኔ ነኝ ያጠፋሁብህ ልበለው።»

እና እሷ ምን አለች?

«አብደሃል?» አለች። «ባለማሳውን ሳትጠይቅ ክተር ማፍረስ የውሃ አባትነት መሐላህን መስበር አይደለም ወይ? አንተን ብቻ መሰለህ? ቤታችንን ነው የሚያቃጥሉት። ካድሬውስ? ‹ይኸው ተአምሩ ዶማ ነበር› ብሎ መምሬን አደባባይ ላይ ያቆማቸዋል።»

ይኼ ሁሉ እውነት ነበር። ግን ይኼ ሁሉ አልነበረም ምክንያቱ። ጉንጯ ላይ ገና የሰው መሳም ነበረ። ሰላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ መካን እየተባለች የኖረች ሴት፣ ባሏ የውሃ አባት ስለሆነ ብቻ ሰው ሰላም የሚላት። በዚያች ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ስም ተጠራች። እሱ ደግሞ ያንን በአንድ አረፍተ ነገር ሊወስድባት ነው።

«ዝም በል» አለችው። «ሚካኤል ነው። አበቃ።»

አራጌ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ዝም ነው። በሳምንቱ ሾላው ስር ተነስቶ «ላልቶ ነበር» ያለ ጊዜ እሷ ከሴቶቹ ጋር ርቃ ቆማ ሰምታዋለች። አንገቷን ደፋች እንጂ አንድ ቃል አልወጣትም።

አስር ሰዓት ላይ መምሬ አርአያ መጡ። አባታቸው ከማይጨው መጥተው እዚህ የቀሩ ሰው ናቸው፣ እሳቸው የመንደሩ ቄስ፣ የዘነበች የነፍስ አባት ናቸው። ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ ዘነበች ወደ ቤት አስገባቻቸውና በሩን ገርበብ አደረገችው።

«መምሬ፣ ጎርፉን የመለሰው አራጌ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«በዶማ። ክተሩን አፍርሶ። የዚያኑ ዕለት ነገረኝ።»

መምሬ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ወደቀ። አላነሱትም።

«ይኼን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ። እሱ ሞተ።»

«እንግዲያው ተይው!» አሉ ቶሎ ብለው። «ተይው ልጄ። በዚያን ዓመት ቅዳሴ ላይ ስንት ሰው ይቆም ነበር? እኔ፣ ዲያቆኑና አራት አሮጊት። ያቺ ነጠላ ናት ሰዉን የመለሰችው። በእሷ የተጽናና አለ፣ በእሷ የታረቀ አለ። ዛሬ ተነስተን ‹ዶማ ነው› ብንል ምን ይቀረናል?»

«አራጌስ ምን ቀረለት?»

መምሬ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«እውነት ልንገርሽ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ሚካኤል እኛን ሊያድን የሰላሁዲንን እናት ወተት ይነጥቃል እንዴ፣ እል ነበር። እልና መልሼ እውጠዋለሁ። ተአምር ነዋ፣ ተአምርን ማን ይጠይቃል?»

«ታዲያ አልነበረም መምሬ?»

«ምኑ?»

«ተአምር።»

«አንቺ ‹መልሰው› ብለሽ ጮህሽ። ውሃው ተመለሰ። ሰውዬው ደግሞ የራሱ እህል ማዶ ቆሞ እያየው ዶማ አነሳ። ይኼን ልብ ማን ሰጠው? እኔ አላውቅም ልጄ። ምናልባት ሚካኤል ሰው ልኮ ነበር። እኛ የላከውን ሰው ደበቅነዋ።»

«ነገ ምን ላድርግ?»

«እኔን አትጠይቂኝ» አሉ መምሬ፣ መቋሚያቸውን ከመሬት እያነሱ። «እኔ ፈሪ ሰው ነኝ።»

ከሄዱ በኋላ ዘነበች አራጌ የሞተበትን መደብ ስታይ ቆየች። ገና አራት ቀን አልሞላውም እዚያ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከነበረ። ማክሰኞ ጠዋት «ሰላሁዲንን ጥሪልኝ» አላት። «እሺ፣ ትኩሳትህ ይብረድ» አለችው። ማክሰኞ ከሰዓት ደገመው። «ሰው ገበያ ነው» አለችው። ረቡዕ ጠዋት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ሦስተኛ ጊዜ ጠራት። እሷ ጸበል ይዛ ቆማለች።

«ለሚካኤል እለምንልሃለሁ» አለችው። «የዚያን ጊዜ ሰምቶኛል፣ አሁንም ይሰማኛል። ሲሻልህ አንተው ራስህ ሄደህ ትነግረዋለህ።»

አራጌ ለረጅም ጊዜ አያት። የቁጣ አስተያየት አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ዘኑ» አለ። «እኔ አሁን የፈለግኩት ተአምር አይደለም። ሰላሁዲንን ነው።»

የሰላሁዲን ቤት አንድ ጅራፍ ቢጮህ የሚሰማበት ቦታ ነው። አልሄደችም። ጸበሉን ረጨችው፣ ተንበርክካ ጸለየች፣ እውነትም ከልቧ ጸለየች። እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተ።

ቅዳሜ ዳሱ ጢም አለ። ከሮቢት መጡ፣ ከዋጃ መጡ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም መጣ። ሰላሁዲን ከዳሱ ዳር ምሰሶውን ተደግፎ ተቀምጧል። ከዋጃ የመጣችው ሸዋዬ ሌሊቱን እዚያው አድራ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታለች።

አስረሳሽ ወገቧን አስራ መሃል ገባች። የዘነበችን ፊት አየች፤ ምንም የለም። ምን ታድርግ፣ ያላትን አወጣች።

«ዝምተኛው አራጌ ክፉ የማይወጣው፣
እንደ ጨዋ ሄደ ማንም ሳይቆጣው።»

ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ግን ቀዝቀዝ ያለ ነው። አንዱ ከወንዶቹ ወገን አዛጋ። አስረሳሽ ዞረች፣ ያንኑ ደገመች። ሦስተኛ ልትል ስትል ዘነበች ተነሳች።

የሟች ሚስት ማልቀሷ ያለ ነው። አስረሳሽ ደስ ብሏት ቦታ ለቀቀችላት። ዘነበች መሃል ቆማ የራሷን አወጣች።

«እኔ ነጠላዬን ደጁ ላይ ሳነጥፍ፣
አራጌ ብቻውን ተናነቀ ከጎርፍ።»

ሴቶቹ ለመቀበል አፋቸውን ከፍተው እዚያው ቀሩ። አስረሳሽ አልቃሽ ናት፣ ግጥም የት እንደሚሄድ ቀድሞ ይገባታል፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ክተሩ አልላላም በእጁ እሱ ናደው፣
የገዛ ሚስቱ አፍ ሰባት ዓመት ካደው።»

ዘነበች ግጥሙን ተወችውና እንዲሁ ተናገረች።

«እሱ ነው የከፈተው። የኛን ማሳ፣ የናንተን ማሳ ሰጥቶ መንደሩን አወጣ። የዚያኑ ዕለት ነግሮኛል። ‹ዝም በል› ያልኩት እኔ ነኝ። ስሙን የበላሁት እኔ ነኝ። ላላው አትበሉት። እባካችሁ ከዛሬ ጀምሮ ላላው አትበሉት።»

«ውሸቷን ነው፣ ሐዘን ነው» አለ አንዱ። «ሦስት መቶ ሰው አይቶ!» ሌላው። ሊቀመንበሩ ከንፈሩን በግማሽ ፈገግታ ነከሰ። «ድሮም ተናግረናል» ብሎ ሊጀምር ሲል መምሬ አርአያ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«የውሃ አባት አራጌን» አሉ ጮክ ብለው፣ «ነፍሱን ይማር!»

«ይማር...» አለ ሰዉ፣ እየተንጠባጠበ።

ሸዋዬ ልጇን እንዳቀፈች ዘነበችን ቀና ብላ ታያታለች። «ታዲያ ልጄስ?» አለች። «ልጄስ?»

ዘነበችን እስከ ዛሬ ከጠየቋት ሁሉ ይቺ ናት የጨነቀቻት።

ሰላሁዲን ያኔ ተነስቶ ወጣ። ጫማውን በእጁ ይዞ። ዘነበች ሰዉን እየገፋች ተከተለችው።

«የሐዘን ቤት ጥላ የት ነው የምትሄደው! ወይኔ ወንድሜን!» ትላለች ቆንጅት ከኋላ። ማን ሰምቷት።

«አያ ሰላሁዲን!»

ቆመ። ጀርባውን እንደሰጣት ነው።

«ሊነግርህ ፈልጎ ነበር። ያን ጊዜም፣ አሁን ሊሞት ሲልም። ሦስት ጊዜ ጥሪልኝ ብሎኛል። ያልጠራሁህ እኔ ነኝ።»

«እናቴን ስቀብር» አለ ሰላሁዲን ቀስ ብሎ፣ «ከመቃብሩ ዳር ቆሞ ነበር። አፈር ሊያለብስ አካፋ ሲያነሳ ከእጁ ነጠቅኩት። ወላሂ፣ ከእጁ ነጠቅኩት።»

ዘነበች ይኼንንም አታውቅም ነበር። አራጌ አልነገራትም።

ሰላሁዲን ዞረ። «በየት በኩል ነው የከፈተው?»

«ምኑን?»

«ክተሩን ነዋ። በየት በኩል ጀመረ?»

ዘነበች አሰበች። የተላጠ መዳፉን ታስታውሳለች። ምድጃውን ታስታውሳለች። ራሷ ያለችውን እያንዳንዱን ቃል ታስታውሳለች።

«አልጠየቅኩትም።»

«በሰባት ዓመት?»

«በሰባት ዓመት።»

ሰላሁዲን ራሱን ነቀነቀ። «ነይ» አላት።

ግንቦት ነው፣ በልጉ ከሽፏል፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እግር ይጠልፋል። ወንዙ ውስጥ ነጭ አሸዋ እንጂ ጠብታ የለም። አዲሱ የውሃ አባት ክተሩን ሃምሳ እርምጃ ወደ ላይ አርቆ ነው የሠራው፤ የአራጌ አሮጌ ክተር እንደተናደ ቀርቷል፣ ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ ጎርጓዳ ነው። ዘነበች በዚህ በኩል ስንት ጊዜ እንጨት ተሸክማ አልፋለች። ፍየሎች ይተኙበታል።

ሰላሁዲን ጎርጓዳው ውስጥ ወረደ፣ ዞረ፣ በእግሩ አፈሩን ገፋ ገፋ አደረገ። ገበሬ መሬት ሲያነብ ዝም ይላል።

«እይ» አለ። «የተከፈተበት አፍ ያለው የእናንተ ማሳ አናት ላይ ነው። በኔ አናት ቢከፍተው ይቀለው ነበር፣ እዚያ አፈሩ ስስ ነው። ወፍራሙን ነው የመረጠው። መሐላ አልሰበረም፤ የከፈተው በገዛ ማሳው ላይ ነው። ከእናንተ አልፎ ወደኔ የመጣው ውሃው ራሱ ነው።»

ከዚያ ወደ ላይ፣ ከወንዙ ዳር ወዳለው ከፍታ ሄደ። እዚያ የድንጋይ ክምር አለ። ትላልቅ፣ ጥቁር፣ አንዱ ባንዱ ላይ።

«ይኼንንስ ታይው ነበር?»

«ትርፍ ድንጋይ ነው ይሉታል።»

«ትርፍ? ይኼ ከክተሩ ፊት የነበረው ድንጋይ ነው፣ እኔም አብሬ ደርድሬዋለሁ። ውሃ ድንጋይ ቁልቁል ይወስዳል እንጂ ሽቅብ አያወጣም። ሰው ነው እዚህ ያመጣው። አንድ ባንድ፣ ጎርፉ እየጮኸበት።» ሰላሁዲን ወደ ታች ወደ ማሳዎቹ በእጁ አመለከተ። «ቁልቁል ቢጥለው እኮ አንድ እጅ ሥራ ነበር። ግን ያኔ ቁልቁል ማሽላ ቆሞ ነበር። ገበሬ እሸት ላይ ድንጋይ አይጥልም። ሊያሰጥመው ባለ ማሽላ ላይ... ድንጋይ መጣል አልቻለም።»

ዘነበች ክምሩ አጠገብ ተንበረከከች። ከላይ ያለችውን፣ ትንሿን የምትመስለውን ድንጋይ በሁለት እጇ ያዘቻት። ልታነሳት ሳበች። አልተነቃነቀችም። ጣቶቿን ከስሯ አስገባች፣ ጉልበቷን ተክላ እንደገና ሳበች። አልቻለችም።

ሰላሁዲን ሊረዳት እጁን ዘረጋና ተወው።

እጇን ከድንጋዩ ስር አላወጣችም። እንደተንበረከከች፣ እንደያዘቻት ቆየች።